ብሩ እኔ ዘንድ ነው፤ የምትጠረጠረው ግን ሌላ ልጅ ናት

የአንባቢ ደብዳቤ

ይድረስ ለምክር ዓምዱ አዘጋጅ፤ ጤና ይስጥልኝ።

የ36 ዓመት ሴት ነኝ። ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ደብረ ብርሃን በኪራይ ቤት እንኖራለን። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው። እናቴ ያለችው መንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ በሚገኝ መንደር ነው። ታላቅ ወንድሜ ከጎኗ ቤት ሠርቶ መሬቷን ያርሳል፤ ታናሻችን አዲስ አበባ ይሠራል።

ባለፈው ዓመት ለአስተርእዮ ማርያም ልጠይቃት በሄድኩበት ጊዜ እናቴ ሌሊት ቀስቅሳ ወደ ጓዳ ወሰደችኝ። ከጎታው ኋላ በባና የተጠቀለለ ነገር አውጥታ እቅፌ ላይ አስቀመጠችው። 31 ጠገራ ብር ነበር፤ ሁለቱ የምኒልክ፣ የቀሩት ማርትሬዛ። ከብሩ ጋር የአያቴ ድሪ፣ አንድ ጥንድ አልቦ፣ የአንገት መስቀል ከነማተቡ፣ ወርቅ ቅብ ጉትቻና አንድ የወርቅ ቀለበት አለ። «ይኸን ውሰጂልኝ። ለወንድሞችሽ ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ይሸጡታል። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር» አለችኝ። ጉልበቷን ስሜ ቃል ገባሁላት።

ከዚያ ወዲህ ሰላም የለኝም። መጀመሪያ ከነባናው ቁም ሣጥን ውስጥ አኖርኩት። ልጆቼ ሲያገኙት ወደ ኩሽና፣ ከሽንኩርቱ ቅርጫት በላይ ወዳለው መደርደሪያ አዛወርኩት። ከዚያ ደግሞ በፌስታል ጠቅልዬ፣ በላስቲክ አሥሬ፣ የስንዴ በርሜል ውስጥ ቀበርኩት። ክረምቱ ሲያልፍ ሳወጣው ብሩ ጠቁሮ ጠበቀኝ። ላስቲኩ ያረፈበት ቦታማ በከሰል የተሰመረ ይመስላል። ሁለቱን ለአንድ ብር ሠሪ ባሳየው «ይህ ድብልቅ ነው፤ እውነተኛ ብር አይጠቁርም» ብሎ በትንሽ ዋጋ ሊገዛኝ ጠየቀ። ጎረቤቴ ደግሞ ብር ሲጠቁር ለባለቤቱ ደግ አይደለም አለችኝ። ባለቤቴ ሳይብስበት ሽጠን ለቤት መሥሪያ እናውለው ይላል። አንዱን በአመድና በሎሚ ፈትጌ አየሁት፤ ነጣ፣ ነገር ግን ተጫጫረ።

ይህ ሁሉ ባልከበደኝ ነበር። እናቴ መርሳት ጀምራለች። በመስቀል ማግስት ጓዳ ገብታ «ብሬስ?» ብላ ጮኸች አሉ። ብሩን ለእኔ መስጠቷን አታስታውስም። ወንድም ጋሼ ቤቱን ሁሉ ፈትሾ ሲያጣ የጠረጠረው እናታችንን የምትጦራትን የአጎቴን የልጅ ልጅ ነው። ገና 15 ዓመቷ ነው። ደውሎ «ለታኅሣሥ ገብርኤል ካላወጣች ለፖሊስ ነው የምሰጣት» አለኝ። እኔም «እሺ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁት። ያቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ብናገር የእናቴን አደራ በላሁ። ዝም ብል የልጅቷን ስም በላሁ። ብሩንስ ሳይበላሽና ሳይሰረቅ የት ላኑረው? እባክዎን ይምከሩኝ።

የተጨነቅኩት፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ

እህቴ፣ ስለ ብር አቀማመጥ የማውቀውን ሁሉ እነግርሻለሁ፤ ብዙ ነው። ነገር ግን ብሩ ሌላ አንድ ወር ቢጠቁር የሚደርስበት ነገር የለም። ልጅቷ ግን በየቀኑ እየተጎዳች ነው። በሰው ቤት ያለች የ15 ዓመት ልጅ አንዴ ሌባ ከተባለች፣ ብሩ ቢገኝም እንኳ ስሙ ከውኃ መቅጃው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ይከተላታል። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ሌባ ሻይ በሚባል ልማድ ሕፃን መድኃኒት እያጠጡ በእግሩ ወንጀለኛ ይፈልጉ ነበር። ሕፃኑ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ንጹሕ ሆኖ ሳለ ስንቱ ዕዳ ከፍሏል! ያ ቀርቷል። በጥርጣሬ ብቻ ጣት መቀሰር ግን አልቀረም። ስለዚህ ከእሷ እንጀምር።

ዛሬ ማታ ለወንድምሽ ደውዪለት። ረጅም ታሪክ አያስፈልግም። «ብሩ እኔ ዘንድ ነው። እናታችን በእጇ ሰጥታኝ ነው። ልጅቷ አልነካችም። ቅዳሜ መጥቼ ሁሉንም እነግራችኋለሁ» በይው። ስንት እንደሆነና የት እንዳስቀመጥሽው በስልክ አትናገሪ፤ እሱን ስለማታምኚው ሳይሆን በስልክ የተነገረ ነገር ስንት ጆሮ እንደሚሰማው ስለማይታወቅ ነው። ከዚያ ልጅቷን አቅርብልኝ በይውና በራስሽ አንደበት ንገሪያት። ምናልባት ታለቅስ ይሆናል፤ ምናልባትም ምንም ሳትል ስልኩን ትመልስለት ይሆናል። ሁለቱንም ለመቀበል ተዘጋጂ።

አሁን ወደ ቃልሽ ልመለስ፤ እንቅልፍ የነሳሽ እሱ መሆኑ ይገባኛል። አደራ በላ መባል በእኛ አገር ቀላል ስድብ አይደለም። እስቲ ግን እናትሽ ያለችሽን መልሰሽ አድምጪው። «ውሰጂ» አላለችሽም፤ «ውሰጂልኝ» ነው ያለችው። በዚያች «ልኝ» ውስጥ ብሩ ያንቺ ሳይሆን የእሷ ሆኖ ቀርቷል። አንቺ ጠባቂ ነሽ። የፈራችውንም ደብቃ አልተወችውም፤ «ይሸጡታል» ብላሻለች። እንግዲህ የአደራው ልብ አለመሸጡ ነው። ዝምታው ለዚያ የተሠራ አጥር ነበር። አጥሩ የገዛ ቤተሰቧን ልጅ ሲወጋ፣ ያቺ ሌሊት ቀስቅሳ ያመነችሽ እናት፣ አእምሮዋ እንደ ዱሮው ቢሆን፣ «ዝም በያቸው» የምትልሽ ይመስልሻል? አንቺ ታውቂያታለሽ፤ እኔ አላውቃትም። ደብዳቤሽን ሳነብ ግን እንደዚያ የምትል ሴት አልመሰለችኝም።

ቅዳሜ በጣርማ በር በኩል ወደ መንዝ ስትወጪ ብሩን ይዘሽ አትሂዲ። ይህን አደራ እልሻለሁ። አውቶቡስ የብር መንገድ አይደለም። ይዘሽ የምትሄጂው ፎቶግራፉንና ዝርዝሩን ነው፤ ዝርዝሩን እንዴት እንደምታዘጋጂው ዝቅ ብዬ አነሳዋለሁ። ታናሽ ወንድምሽ ከአዲስ አበባ እንዲመጣ አድርጊ፤ የእናትሽን ነፍስ አባትም ለምኚያቸውና ይገኙ። ልጅቷ ስትጠረጠር የሰሙ ጎረቤቶች ካሉ፣ ንጹሕ መሆኗንም እነሱው ይስሙ። ይቅርታው በጓዳ፣ ለእሷ ብቻ ከተነገረ ከስሟ ላይ የሚያነሳው ነገር የለም። ልብስ ገዝቶ መስጠት መልካም ነው፤ በሰው ፊት የሚነገረውን ይቅርታ ግን አይተካም። ወንድምሽ ይቅርታ መጠየቅ ቢከብደው አንቺ ቅደሚ፤ ጥፋቱ የተጀመረው ከዚያች «እሺ» ነውና።

ወንድም ጋሼ መቆጣቱ አይቀርም። ስታዳምጪው ከቁጣው በታች ሌላ ነገር ይኖራል። መሬቷን የሚያርሰው፣ ሌሊት ስታቃስት የሚነሳው እሱ ነው። «እኔን ሳታምን አንቺን አመነች» የሚለው ቁስል ከብሩ ይበልጥ ያመዋል። ያን ጊዜ ራስሽን ለመከላከል አትቸኩዪ፤ ይናገር። እናትሽ ምን ዓይነት ነገር አይታ «ይሸጡታል» እንዳለች ታውቂያለሽ? ከዚህ በፊት አንድ ነገር ተሸጦባት ያውቃል ወይስ የሽማግሌ ሥጋት ብቻ ነው? ይህን ወንድሞችሽን በቁጣ ሳይሆን ለማወቅ ብለሽ ብትጠይቂያቸው፣ መልሱ ሁላችሁንም የሚያሳርፍ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ወደ ጥቁረቱ። መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው፤ የብር መጥቆር ምልኪ አይደለም። እናትሽ የታመመችው በብሩ አይደለም፤ ብሩም የጠቆረው በእሷ ሕመም አይደለም። ብር ድኝን ይወዳል። በአየር ውስጥ እጅግ ትንሽ የድኝ ጋዝ ካገኘ ከገጹ ጋር ይዋሃድና ቀጭን ጥቁር ሽፋን ይሆናል። መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር። ከሥሩ ያለው ብር ግን ደህና ነው። «እውነተኛ ብር አይጠቁርም» ያለሽ ሰው የተገላቢጦሹን ነው የነገረሽ፤ የማይጠቁረው ጥሩ ወርቅ ነው።

ደብዳቤሽን ሳነብ ያሳለፍሽበት መንገድ ሁሉ የድኝ መንገድ ሆኖ አገኘሁት። ባና ሱፍ ነው፤ የበግ ፀጉር በተፈጥሮው ድኝ አለበት፤ እርጥበት ሲያገኝ ደግሞ ቀስ እያለ ይለቀዋል። የመንዝ ባና ለሰው ገላ ከብርድ ሁሉ የሚያድን ጌጥ ነው፤ ለብር ግን ጠላት ነው። ዝተትና በርኖስም እንዲሁ። እናቶቻችን የሚወዱትን ነገር በሚወዱት ልብስ ጠቀለሉ፤ ማን ይወቅሳቸዋል? የኩበት ጭስም ድኝ አለው። ከዚያ አንቺ ሽንኩርት አጠገብ አኖርሽው፤ ሽንኩርት ዓይን የሚያስለቅሰው፣ ነጭ ሽንኩርትም የሚሸተው በድኝ ውሕዶቻቸው ነው። ላስቲኩ የባሰ ነው። ጎማ ሲሠራ ድኝ ይገባበታል፤ ስለዚህ የላስቲክ ማሠሪያ በፌስታል ላይ ቢታሰር እንኳ ጥቁር መስመሩን ብሩ ላይ ያትማል። ያየሽው እሱን ነው።

የስንዴው በርሜል ግን አስደነገጠኝ። የነቀዝ ክኒን ጥለሽበታል? ብዙ ሰው ለእህል የሚጥለው ክኒን ፎስፊን የሚባል ጋዝ ያወጣል። ይህ ጋዝ መዳብን ክፉኛ ያበላሻል፤ ብርንና ወርቅንም አይምርም። ከዚያ በላይ ደግሞ ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ ሕይወት ያጠፋል። ክኒን ያለበት በርሜል መኝታችሁ አጠገብ ካለ፣ ብሩን ትተሽ መጀመሪያ ልጆችሽን ከዚያ ቤት አውጪ፤ በርና መስኮት ክፈቺ፤ በርሜሉን ለማንሳትም ስለ መድኃኒቱ የሚያውቅ ሰው ጥሪ።

ብሩ እውነተኛ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ የሚገዛሽን ሰው ፍርድ አትጠብቂ። ገዢና መርማሪ አንድ ሰው ሲሆን ፍርዱ ወደየት እንደሚያደላ አንቺም ታውቂያለሽ። ማርትሬዛ ክብደቷ 28 ግራም ገደማ፣ ስፋቷ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከ1,000 እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ሲሆን የቀረው በአብዛኛው መዳብ ነው። የምኒልክ ብርም በክብደትና በጥራት ከእሷ ጋር እንዲቀራረብ ሆኖ መጀመሪያ ፓሪስ ውስጥ የተመታ ነው። በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ሰንደቅ የያዘ አንበሳ አለበት፤ የቀደሙት ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመተ ምሕረት ይነበብባቸዋል። 31ዱን በአንድ ላይ በኤሌክትሮኒክስ ሚዛን ብትመዝኚያቸው ወደ 870 ግራም መምጣት አለባቸው፤ ዕድሜ ያሻሻቸው ከሆኑ ጥቂት ይጎድላል። ከዚህ ውስጥ ጥሩ ብሩ 725 ግራም ያህል ነው። ማግኔት አስጠጊባቸው፤ ብር በማግኔት አይሳብም። አንዷን በማግኔት የምትሳብ ወይም በብዙ ግራም የምትጎድል ካገኘሽ ለይተሽ አስቀምጪያት።

በማርትሬዛ ላይ ያለው 1780 የሚለው ዓመት እንዳያታልልሽ። መልኳ ያለባት የኦስትሪያ እቴጌ ማሪያ ቴሬዛ ያረፈችው በዚያ ዓመት በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በተለያዩ አገሮች በዚያው ዓመት ስም ሲመታ ኖሯል። ከአንኮበር ቁልቁል በአሊዩ አምባ ገበያ ጨውና ቡና የሸመቱ የሸዋ ነጋዴዎች እጅ የገባችውም፣ አያትሽ የታጩባትም ዓመቷ ያው ነው። ጠርዟን በጣትሽ ዳስሺው፤ ጎላ ያለ የላቲን ጽሑፍ አለ። ትርጉሙ «በፍትሕና በምሕረት» ማለት ነው። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ወዲህ ይህ ጽሑፍ ከልቤ አልወጣም። ስትሰበሰቡ ለወንድምሽ አሳዪው።

ማጽዳትን በተመለከተ፣ ጠገራ ብሮቹን ተያቸው። በእርግጥ እንዲህ ነው የምልሽ። አመድ፣ አሸዋ፣ የጥርስ ሳሙና፣ የብረት ሽቦ፣ እነዚህ ሁሉ ጥቁረቱን ሲያነሱ ብሩንም ይገፍፉታል። አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎች የተፈተገን ብር በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚያዩት። አንዱን ፈትገሻል፤ ሆነ፤ ሠላሳው ይበቃል። በረኪና ደግሞ በጭራሽ እንዳይነካው።

ወርቅ ቅቡን ጉትቻም አትፈትጊው። የቀድሞ አንጥረኞች ወርቅን በባዜቃ አሟሙተው በብር ላይ ይቀቡ ነበር፤ ሽፋኑ እጅግ ስስ ስለሆነ አንዴ ከተፋቀ አይመለስም። ለስላሳ የጥጥ ጨርቅ ብቻ ይበቃዋል። ምንም ቅብ፣ ፈርጥም ሆነ ክር የሌለበትን አልቦ ማንጣት ከፈለግሽ ግን አንድ የዋህ መንገድ አለ። የሸክላ ወይም የፕላስቲክ ሳሕን ውስጥ የምግብ መጠቅለያ አልሙኒየም ፎይል አንጥፊ፤ አልቦውን ፎይሉን እንዲነካ አድርገሽ አስቀምጪ፤ አንድ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በትኚበትና ትኩስ ውኃ አፍስሺበት። ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፤ አታምታቺው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የተበላሸ እንቁላል የሚመስል ሽታ ይመጣል፤ ድኙ ከብሩ እየለቀቀ ወደ አልሙኒየሙ ሲሄድ ነው። ከዚያ በንጹሕ ውኃ አለቅልቀሽ ፈጽሞ እስኪደርቅ በጨርቅ አድርቂው። በመስቀሉ ቅርጻ ቅርጽ ጎድጓዳ ውስጥ የገባው ጥቁረት ግን ይቆይ። ሐረጉ የሚነበበው በእሱ ነው።

ለማስቀመጫ የሚያስፈልግሽ ብዙ ወጪ የለውም። ታጥቦ የደረቀ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ቆራርጠሽ እያንዳንዱን ብቻውን ጠቅልዪ፤ ወርቁና ብሩ፣ ጠገራውና ድሪው እንዳይፋተጉ። በጋዜጣ አትጠቅልዪ። ከዚያ ምግብ በሚቀመጥባቸው፣ አፋቸው ተጭኖ በሚዘጋ የፕላስቲክ ከረጢቶች ክተቺያቸውና አየሩን አስወጪ። ለስላሳ፣ ወፈር ያለና የሚሸት ፕላስቲክ፣ ፒቪሲ የሚባለው፣ አይሁን፤ ከጊዜ በኋላ ብሩ ላይ አረንጓዴ ሙጫ ይተዋል። አዲስ ጫማ ሲገዛ ካርቶኑ ውስጥ የምትገኘውን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አትጣዪ፤ አንድ ሁለቷን ጨምሪበት። ካጣሽ ከልጆችሽ ጠመኔ ውሰጂ፤ በትንሽ ጨርቅ ቋጥረሽ ብታኖሪው ይረዳል። ይህን ሁሉ ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የቆርቆሮ ዕቃ ክተቺው። አዲስ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሣጥን ሽታው ብርን ስለሚያጠቁር አይሆንም። የደብረ ብርሃን ክረምት ጉሙና እርጥበቱ ከባድ ነው፤ ስለዚህ በግንቦት አንድ ጊዜ፣ በመስከረም አንድ ጊዜ ክፈቺና እዪው፤ እርጥበት የሚመጠውንም ለውጪው። ስትነኪው እጅሽ ታጥቦ ይድረቅ፤ ላብ ጨው አለው።

የት የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ ኪራይ ቤት ነውና ዛሬ እዚህ ነሽ፣ ነገ የት እንደምትሆኚ አታውቂም። ከቤት ይልቅ ባንክን እመርጥልሻለሁ። አንዳንድ ባንኮች የአደራ ሣጥን ያከራያሉ፤ ሁሉም ቅርንጫፍ ግን የለውም። ደብረ ብርሃን ካጣሽ ታናሽ ወንድምሽ አዲስ አበባ ይጠይቅ። ስትዋዋዪ ሦስት ነገር ጠይቂ፤ ቁልፉ ቢጠፋ ምን ይደረጋል፣ ዕቃው ቢጠፋ ኃላፊነቱ እስከ ምን ድረስ ነው፣ ካንቺ ሌላ መክፈት የሚችለው ማን ነው። ለሦስተኛው መልስ የአንዱን ወንድምሽን ስም አስመዝግቢ። ይህ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ነገር ግን አንቺ አንድ ነገር ብትሆኚ ያ ሁሉ ታሪክ ማንም የማያውቀው ብረት ሆኖ ይቀራል። በሸዋ መሬት ውስጥ በገንቦ ተቀብሮ፣ ቀባሪው ሳይናገር ሞቶ የቀረ ጠገራ ስንት እንደሆነ መሬቱ ብቻ ነው የሚያውቀው። መቅበርን የማልመክርሽ ለዚህ ነው።

ሣጥን እስክታገኙ ቤት ከቆየም፣ ቦታ መቀያየሩን ተዪ። በየወሩ የሚዛወር ዕቃ በየወሩ ሊያየው የሚችል ዓይን ያገኛል። ደረቅ፣ ከኩሽና የራቀ፣ የሚቆለፍ አንድ ቦታ ምረጪና እዚያው ይቀመጥ። ለብር ሠሪው ሁለቱን አሳይተሽዋል፤ ሌላ እንዳለሽ ነግረሽዋል? ከነገርሽው ወደ ባንኩ ቶሎ ሂዱ። ለጎረቤትሽም ከእንግዲህ «ለባለቤቱ መለስን» በያት፤ እውነት ነው፣ ለእናትሽ መልሰሻልና።

ባለቤትሽን አልወቅሰውም። ኪራይ ቤት ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የቤት ሕልሙን አይወቅስም። ግን ያንቺ ያልሆነ ነገር ሊሸጥ አይችልምና ይህን ዛሬውኑ፣ በለሆሳስ፣ ልጆቹ ሲተኙ ንገሪው። እናታችሁ በሕይወት አለች፤ ብሩ የእሷ ነው። የመስቀሉ ነገር ደግሞ ከዋጋ በላይ ነው። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ በእጁ ያለ ሰው ሁሉ እንዲጠብቀው ግዴታ ይጥላል፤ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትንም ይከለክላል። ዕድሜውን የሚያውቅ ሰው ማየት ካለበት ወደ ወረዳችሁ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ሂዱ፤ ከዚያ በፊት ግን ለማንም ገዢ አይታይ።

አሁን ዝርዝሩ። በመዝገብ ቤት እንደምትሠሪ ስትጽፊ «እንግዲህ መድኃኒቱ በእጇ ነው» አልኩ። በየቀኑ ለመሥሪያ ቤት የምታደርጊውን ለእናትሽ አድርጊ። እያንዳንዱን ዕቃ ቁጥር ስጪው፤ ክብደቱን፣ ርዝመቱን፣ የተሰበረ ወይም የተጫጫረ ካለበት ያንን ጻፊ። የተፈተገውንም አትደብቂ፤ «በእኔ እጅ የተፈተገ» ብለሽ ጻፊው። በሁለት ወገን ፎቶግራፍ አንሺው፤ መጠኑ እንዲታወቅ ከጎኑ ማስመሪያ አስቀምጪ። ከላይ «የእናታችን ንብረት፣ በልጇ እጅ በአደራ ያለ» የሚል ርእስ ይኑረው። ሦስታችሁ ፈርሙ፤ ነፍስ አባቷም በምስክርነት ይፈርሙ፤ ለየአንዳንዳችሁ አንድ ቅጂ ይድረስ። የተቀመጠበት ቦታ ግን በዝርዝሩ ላይ አይጻፍ።

ኑዛዜ ይጻፍ የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ወዲያውኑ መፈረም አለበት። ነገር ግን እናትሽ ትናንት የሰጠችውን ዛሬ የማታስታውስ ከሆነ፣ እጇን ይዞ ማስፈረም እሷንም እናንተንም ያዋርዳል። አእምሮዋ የሚጠራባቸው ቀኖች ካሉ ሐኪም ያያትና ከዚያ በኋላ በእርጋታ ጠይቋት። ካልሆነም፣ ያለ ኑዛዜ ልጆች ሁሉ እኩል ወራሾች ናቸው፤ የተፈራረማችሁበት ዝርዝር ካለ ያኔ የሚያጣላ ነገር አይኖርም። የመርሳቱን ነገር ለሐኪም ማሳየት ግን ለኑዛዜ ብላችሁ ብቻ አይሁን፤ ሊታከም የሚችል ምክንያት ያለው መርሳት አለና።

አንድ ነገር ቀረኝ። እናትሽ ነገም ተነስታ «ብሬስ?» ትላለች። ሁላችሁም ተስማምታችሁ፣ ፈርማችሁ፣ ባንክ አስገብታችሁ እንኳ ትላለች። በዚያን ጊዜ ቤት ያለችው ያቺው ልጅ ናት። ስለዚህ ሁሉንም አትቆልፉባት። ከሁሉ ይዘሽ ሂጂ የምልሽ መስቀሉን ብቻ ነው፤ እሱንም በአንገትሽ፣ ከልብስሽ ሥር። የድሮው ማተብ ክሩ ሳስቶ ይሆናልና ከመንገድሽ በፊት አዲስ ጥቁር የጥጥ ክር ግዢ። ወንድም ጋሼ በእጁ ይሰርላት። «ብሬስ?» ስትል ልጅቷ እጇን ይዛ ወደ አንገቷ ትውሰድላትና ትዳስሰው። በየቀኑ ገላ የሚነካው፣ ጣት የሚያሸው ብር ደግሞ ተቆልፎ እንደሚኖረው አይጠቁርም።

ከመንዝ ስትመለሺ ጻፊልኝ። ከብሩ በፊት የልጅቷን ነገር ጻፊልኝ።